የጃፓንኛ ሰዋስው ለጀማሪ፦ ከእንግሊዝኛው ሳይሆን ከአማርኛሽ ተነሺ

ሰላም እህቴ። ሂራጋናን (የጃፓንኛን መሠረታዊ ፊደል) እንደጨረስሽ፣ ሰዋስው ላይ ስትደርሺ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈው መጽሐፍ ከስም በኋላ የሚገቡትን «ዋ» እና «ጋ»ን እያብራራ የባሰ እንዳደናገረሽ፣ ከየት ጀምረሽ በምን ቅደም ተከተል እንደምትሄጂ ጠይቀሻል። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከሁሉ በፊት፣ የጃፓንኛውን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ እየገለበጥሽ አትማሪ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ተቸግሮ የሚለምደው ብዙ ነገር በአፍ መፍቻሽ ውስጥ አለ፦ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፣ «ሄዶ፣ ገዝቶ፣ ተመለሰ» የሚለው የግስ ሰንሰለትም በሁለቱም ቋንቋ አለ። አማርኛ የሚያሳስትባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ሁለቱንም ለይተሽ ካወቅሽ መንገዱ ግማሽ ይቀላል። (ከዚህ በታች አናባቢ ሲረዝም ፊደሉን እደግማለሁ፣ ተነባቢ ሲጠብቅ ሳድሱን አስቀድማለሁ። ደብተርሽ ላይ ግን በሂራጋና ብቻ ጻፊ።)

«ዋታሺ ዋ ፓን ኦ ታቤማስ» ማለት ቃል በቃል «እኔ ዳቦ እበላለሁ» ነው፤ ቅደም ተከተሉ አልተነካም። ልዩነቱ አማርኛ ከ፣ በ፣ ለን ከስሙ ፊት ሲያስቀምጥ ጃፓንኛ ሁሉንም ከኋላ ማስቀመጡ ነው፦ «ቶኪዮ ካራ» ከቶኪዮ፣ «ቶኪዮ ማዴ» እስከ ቶኪዮ። የእኛ «ን» ከስሙ በኋላ እንደምትቀጠል ሁሉ የእነሱ ሁሉም እንዲያ ናቸው ብለሽ ያዢው። «ኦ» የ«ን» አቻ ናት፤ ግን አማርኛ «ዳቦ በላሁ» ሲል «ን»ን ይተዋል፣ «ዳቦውን» ሲል ብቻ ያመጣል። ጃፓንኛ በሁለቱም «ኦ» ይላል። በንግግር ሲጥሏት ትሰሚያለሽ፤ ስትጽፊና ስትፈተኚ አትጣያት።

ግሱ ባለቤቱን አይናገርም። እበላለሁ፣ ትበያለሽ፣ ይበላል፣ ይበላሉ፣ ሁሉም «ታቤማስ» ነው። እንደ እኛ «እበላለሁ» ሁሉ የልማድንም የወደፊትንም ጊዜ ይሸፍናል። ታዲያ ጀማሪ ባለቤቱ እንዳይጠፋበት በየዓረፍተ ነገሩ «ዋታሺ ዋ» ይደረድራል። ማን እንደሆነ ከታወቀ ተዪው። ለምታናግሪው ሰውም «አናታ» (አንተ/አንቺ) አትበዪ፤ ስሙን ጠርተሽ የአክብሮቱን «ሳን» ጨምሪበት።

አሁን ወደ «ዋ» እና «ጋ»። («ዋ» በሂራጋና በ«ሃ» ፊደል ነው የምትጻፈው።) በአማርኛ «ታናካስ?» ብለሽ ስትጠይቂ በጃፓንኛ «ታናካሳን ዋ?» ነው። «ዋ» አንድን ነገር አንስታ «እሱን በተመለከተ» የምትል ናት፤ ስታነጻጽሪም ትመጣለች፦ «ኒኩ ዋ ታቤማሴን። ሳካና ዋ ታቤማስ» ሥጋ አልበላም፣ ዓሣ ግን እበላለሁ። እዚህ «ዋ» የ«ኦ»ን ቦታ እንደወሰደች አስተውዪ። «ኦ»ን እና «ጋ»ን ትተካለች፤ «ኒ» እና «ዴ» ላይ ግን ትደረባለች።

«ጋ»ን ለመለየት ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ «…ነው የ…ው» ብለሽ ሞክሪው። «ታናካ ነው የመጣው» የሚያሰኝ ከሆነ «ታናካሳን ጋ ኪማሺታ» ነው። «ማን ነው የመጣው?» ደግሞ «ዳሬ ጋ ኪማሺታ ካ»፤ የጥያቄ ቃል ባለቤት ሲሆን «ዋ» በፍጹም አይከተለውም። ሁለተኛው መለያ «መጽሐፍ» እና «መጽሐፉ» ናቸው። «ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ አለ» ሲሆን «ትሱኩኤ ኖ ኡኤ ኒ ሆን ጋ አሪማስ»፤ «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው» ሲሆን «ሆን ዋ ትሱኩኤ ኖ ኡኤ ኒ አሪማስ»። አዲስ የሚነሳ ነገር «ጋ»፣ የታወቀ ነገር «ዋ»። እነዚህ መለያዎች ሁሉንም አይሸፍኑም፣ ለጀማሪ ግን አብዛኛውን ያስኬዳሉ።

«ጊዜ አለኝ» የሚለውን ተመልከቺ፤ ያለው ጊዜው ነው፣ ባለቤቱም እሱ ነው። ጃፓንኛም «ጂካን ጋ አሪማስ» ይላል። «ጃፓንኛ ይገባኛል» ደግሞ «ኒሆንጎ ጋ ዋካሪማስ»። እስካሁን አማርኛ ይረዳሻል። «ቡና እወዳለሁ» እና «ራሴን ያመኛል» ላይ ግን ያሳስትሻል፤ እኛ ተሳቢ የምናደርገውን እነሱ በ«ጋ» ይሉታል፦ «ኮኦሂይ ጋ ሱኪ ዴስ»፣ «አታማ ጋ ኢታይ ዴስ»። «አለ»ም አንድ አይደለም፤ ሰውና እንስሳ «ኢማስ»፣ ዕቃና ተክል «አሪማስ»። ውሻን «አሪማስ» ማለት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

አማርኛ ተናጋሪን አብዝቶ የሚጥለው «በ» ነው። የእኛ «በ» ለሁለት ይከፈላል። ድርጊት የሚፈጸምበት ቦታና መሣሪያ «ዴ» ነው፦ «ቶሾካን ዴ» በቤተ መጻሕፍት (ስታነቢ)፣ «ባሱ ዴ» በአውቶቡስ። ሰዓትና የመኖሪያ ቦታ «ኒ» ነው፦ «ሺቺጂ ኒ» በ7 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር)፣ «ቶኪዮ ኒ ሱንዴ ኢማስ» በቶኪዮ እኖራለሁ። መድረሻና ተቀባይም «ኒ» ናቸው። ሰዓትን ካነሳን፣ «ሺቺጂ» የእኛ 1 ሰዓት መሆኑን አትርሺ። የቶኪዮ ሰዓት ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ስለሚቀድም የቶኪዮ አስተማሪ «ከቀኑ ኢቺጂ» ብሎ ሲቀጥርሽ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ቁጥሩ ይገጥማል፣ ክፍለ ቀኑ ብቻ ይለያል።

ብዙ ሰው የሚያቆመው የ«ቴ» ቅርጽ ላይ ነው፣ አንቺ ግን ልትፈሪው አይገባም፤ የእኛን ቦዝ አንቀጽ ሥራ ነው የሚሠራው። «ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቡና ጠጣሁ» በጃፓንኛ «ኦኪቴ፣ ካኦ ኦ አራትቴ፣ ኮኦሂይ ኦ ኖሚማሺታ» ነው። ጊዜውን የሚወስነው በሁለቱም የመጨረሻው ግስ ነው። «እና» ለማለት በግሶች መካከል «ቶ» አታስገቢ፤ «ቶ» ስምን ከስም ብቻ ታያይዛለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የምንነሳው ከ«ማስ» ሳይሆን ከመዝገበ ቃላት ቅርጹ ነው («ታቤማስ» በመዝገበ ቃላት «ታቤሩ» ነው)። በ«ኢሩ» ወይም በ«ኤሩ» የሚያልቁ አብዛኞቹ ግሶች «ሩ»ን ጥለው «ቴ» ይቀበላሉ፦ ታቤሩ–ታቤቴ፣ ሚሩ–ሚቴ። የቀሩት በመጨረሻ ድምፃቸው ይለያያሉ። ኡ፣ ትሱ፣ ሩ ሲሆን «ትቴ» (ካኡ–ካትቴ፣ ማትሱ–ማትቴ)፤ ሙ፣ ቡ፣ ኑ ሲሆን «ንዴ» (ኖሙ–ኖንዴ)፤ ኩ ሲሆን «ኢቴ» (ካኩ–ካኢቴ)፤ ጉ ሲሆን «ኢዴ» (ኦዮጉ–ኦዮኢዴ)፤ ሱ ሲሆን «ሺቴ» (ሃናሱ–ሃናሺቴ)። ኢኩ ብቻ ወጥቶ «ኢትቴ» ይሆናል፤ ሱሩ «ሺቴ»፣ ኩሩ «ኪቴ» ናቸው። «ተመለሰ» የሚለው ካኤሩ፣ ሃኢሩ፣ ሺሩ፣ ሃሺሩ እና «ቆረጠ» የሚለው ኪሩ የመጀመሪያውን ቡድን ቢመስሉም ከሁለተኛው ናቸው፤ «ካኤቴ» ሳይሆን «ካኤትቴ» ነው። ይህን ከያዝሽ «ቴ»ን በ«ታ»፣ «ዴ»ን በ«ዳ» ስትተኪ ያልለፋሽበት ኃላፊ ጊዜ ታገኛለሽ።

«ተቀምጦ» ላይ «አለ» ሲጨመር «ተቀምጧል» እንደሚሆን ሁሉ «ሱዋትቴ» ላይ «ኢማስ» ሲጨመር «ሱዋትቴ ኢማስ» ይሆናል። ግን ጥንቃቄ አለው። ሁኔታን የሚቀይሩ ግሶች (መቀመጥ፣ ማግባት፣ መሞት) «-ቷል» ይሆናሉ፤ «ሺንዴ ኢማስ» ሞቷል እንጂ እየሞተ ነው አይደለም። እንደ መብላትና ማንበብ ያሉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ «እየ… ነው» ይሆናሉ፦ «ታቤቴ ኢማስ» እየበላ ነው።

«የ» ላይ ተጠንቀቂ። «የጓደኛዬ ቡና» «ቶሞዳቺ ኖ ኮኦሂይ» ስለሆነ «የገዛሁት ቡና»ም «ካትታ ኖ ኮኦሂይ» ይመስላል፤ ስሕተት ነው። ግስ ስምን ሲገልጽ ምንም አይገባበትም፦ «ካትታ ኮኦሂይ»። «ትናንት ገበያ የገዛሁትን ቡና ለጓደኛዬ ሰጠሁ» ሙሉው «ኪኖኦ ኢቺባ ዴ ካትታ ኮኦሂይ ኦ ቶሞዳቺ ኒ አጌማሺታ» ነው። ቅደም ተከተሉ አንድ ሆኖ ሳለ «ን» ከገላጩ ወደ ስሙ እንደተሻገረች ተመልከቺ።

ቅጽል ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ፤ በ«ኢ» የሚያልቁት ራሳቸው ጊዜ ይይዛሉ። «ታካይ» (ውድ) ላይ «ታካይ ዴሺታ» አይባልም፣ «ታካካትታ ዴስ» ነው። እንደ «ሺዙካ» (ጸጥ ያለ) ያሉት ግን «ሺዙካ ዴሺታ» ይላሉ።

ጆሮሽም አስቀድሞ የለመደው አለ። «አለ» ላልቶና ጠብቆ እንደሚለያይ «ኪቴ» (መጥቶ) እና «ኪትቴ» (ቆርጦ) ይለያያሉ፤ ጃፓንኛ እንዲያውም ማጥበቂያውን በትንሿ «ትሱ» ይጽፈዋል። የአናባቢ ርዝመት ግን በአማርኛ ትርጉም ስለማይለውጥ ያልፍሻል፦ «ኦባሳን» አክስት፣ «ኦባአሳን» አያት።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጊው፦ መጀመሪያ «ዴስ» (የእኛ «ነው») ከ«ዋ» እና «ኖ» ጋር፤ ቀጥሎ የግሱ መጨረሻዎች ማስ፣ ማሴን (አሉታ)፣ ማሺታ (ኃላፊ)፣ ማሴን ዴሺታ (የኃላፊ አሉታ) ከ«ኦ»፣ «ኒ»፣ «ዴ» ጋር፤ ከዚያ አሪማስ/ኢማስ፣ ቅጽል፣ የ«ቴ» ቅርጽ፣ በመጨረሻ ተራው («ማስ» የሌለው) ቅርጽና ገላጭ ሐረግ። ካታካናን (ከውጭ ለመጡ ቃላት የሚያገለግለውን ሌላውን ፊደል) ጎን ለጎን አስኪጂው። ግሱን በ«ማስ» ብቻ አትመዝግቢ፤ የመዝገበ ቃላት ቅርጹን አብረሽ ጻፊ፣ አለበለዚያ «ቴ» ላይ ስትደርሺ ሁሉንም እንደገና ትፈልጊያለሽ።

የጄኤልፒቲ (የጃፓንኛ ችሎታ መመዘኛ) ፈተናን የመጀመሪያ ደረጃ ኤን5ን ካሰብሽ፣ ምርጫ ብቻ ነው፤ መጻፍም መናገርም የለውም። ማለፊያው ከ180 ነጥብ 80 ሲሆን ከማዳመጥ ክፍሉ 60 ነጥብ ቢያንስ 19፣ ከቀረው 120 ቢያንስ 38 ያስፈልጋል። ሰዋስውን ብቻ አጥንተሽ ድምሩን ብታልፊ እንኳ ማዳመጡ ካነሰ ትወድቂያለሽ፤ ስለዚህ የተማርሽውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በድምፅ ስሚው። በ«ኒ» እና «ዴ» የሠራሻቸውን ዓረፍተ ነገሮች እዚህ ብታስቀምጪልን አይተን እናርማለን።