የዜና አፕ ሲንክ፦ የስልኩን ሰዓት አትመኑ

ወንድሜ፣ አፑ በተከፈተ ቁጥር ዜናውን በሙሉ ከሰርቨር እንደሚያወርድ፣ ኔት ሲጠፋ ደግሞ ባዶ ስክሪን እንደሚያሳይ ጽፈሃል። ካሽ (የወረደውን አስቀምጦ እንደገና መጠቀም) ይሻላል ወይስ ሲንክ (የስልኩን ዜና ከሰርቨሩ ጋር ማስተካከል) ብለህም ጠይቀሃል። ሁለቱም ያስፈልጉሃል፤ ሥራቸው ግን ይለያያል።

ስክሪኑ የሚያነበው ስልኩ ላይ ካለው ዳታቤዝ ብቻ ይሁን። አንድሮይድ ላይ ከሆንክ ሩም (Room) የሚባለው የዳታቤዝ ላይብረሪ ይበቃሃል። ከሰርቨር የመጣው ዜና መጀመሪያ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል፣ ስክሪኑ ከዚያ ያነባል። ያኔ ኔት ባይኖርም ማታ የወረደውን ዜና ጠዋት ታክሲ ውስጥ ማንበብ ይቻላል።

ዋናው ጣጣ ሰዓት ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ስልኩ መጨረሻ የጠየቀበትን ሰዓት መዝግቦ «ከዚህ በኋላ ያለውን ስጠኝ» ማለት ነው። እኛ አገር ስልኩን በእጁ በሐበሻ ሰዓት የሚያስተካክል ስንትና ስንት ሰው አለ! ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሲሆን ጠዋት 9:00 ብሎ የሞላው ስልክ 6 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ የወረደውን ደግሞ ያወርዳል። ማታ 9:00 ብሎ የሞላው ግን 6 ሰዓት ይቀድማል፤ መሀል ላይ የወጣው ዜና ጭራሽ አይደርሰውም፣ ኤረርም አያሳይም። አንድ የሠራሁበት አፕ ላይ «ዜና ይዘላል» የሚለው ቅሬታ ምንጩ ይኸው ነበር።

ስለዚህ ሰርቨሩ ከእያንዳንዱ መልስ ጋር ከርሰር፣ ማለትም እስከየት እንደወሰድክ የሚያሳይ ምልክት፣ ይስጥህ፤ አንተ በሚቀጥለው ስትጠይቅ እሱኑ መልሰህ ላክለት። ሰርቨሩ ከርሰሩን ሲሠራ የተለወጠበትን ጊዜና የዜናውን መለያ ቁጥር አንድ ላይ ይያዝ፤ በአንድ ሰከንድ ሁለት ዜና ሊወጣ ይችላል። ዜናውንና ከርሰሩን በአንድ ትራንዛክሽን ሴቭ አድርግ፤ ወይ ሁለቱም ይገባሉ ወይ አንዱም አይገባም። አለዚያ አፑ መሀል ላይ ቢዘጋ ከርሰሩ ወደፊት ሄዶ ዜናው ሳይገባ ይቀራል።

የተሰረዘ ዜናም እንደ ለውጥ መምጣት አለበት። ይህን ቀላል አድርገህ እንዳታየው። የዝግጅት ክፍሉ ስህተት ነው ብሎ ያነሳው ዜና የሰው ስልክ ላይ ከቆየ፣ ስክሪንሹት ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ይዞራል፤ ስሙ ያለአግባብ የተነሳን ሰው ይጎዳል።

ካሹ ዳታ ይቆጥብልሃል። ከሰርቨር ጋር በሚያገናኘው ላይብረሪ፣ ኦኬኤችቲቲፒ (OkHttp) ላይ፣ ካሽ ከከፈትክና ሰርቨሩ ኢታግ (ETag፣ የይዘቱን ቅጂ የሚለይ ምልክት) ከላከ፣ ምንም ካልተለወጠ የሚመጣው «አልተለወጠም» የሚለው ኮድ 304 ብቻ ነው፤ ዜናው እንደገና አይወርድም። ፓኬጅ የሚጨርሰው ግን ፎቶ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ትንሹን አሳይ፣ ትልቁ ዜናው ሲከፈት ይውረድ።

ከጀርባ ለማደስ የአንድሮይዱ የጀርባ ሥራ መርሐ ግብር አውጪ፣ ወርክማናጀር (WorkManager)፣ ይሆናል፤ ግን ከ15 ደቂቃ በታች አይደጋግምም፣ ስልኩ ሲተኛም ይዘገያል። ለሰበር ዜና ከሰርቨር ወደ ስልኩ ፑሽ መልእክት ላክና አፑ ሲንክ ያድርግ።

ሰርቨሩ ያንተ ካልሆነና ከርሰር ከሌለው፣ መልሱ ላይ ያለውን የሰርቨሩን ሰዓት ከሄደሩ፣ ማለትም ከመልሱ ጋር ከሚመጣው መግለጫ፣ ውሰድ። በሚቀጥለው ስትጠይቅ ጥቂት ደቂቃ ወደኋላ ብለህ ጀምር። የተደገመው ዜና በመለያ ቁጥሩ ይተካል።