ፋይበሩ ሳሎን ደርሶ ሰርቪስ ለምን አይዘልቅም?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። «ቤታችን የፋይበር ኢንተርኔት ገብቶልናል፤ በየወሩ የምንከፍለው ለ50 ሜጋ ነው። ሳሎን ሆኜ ስለካው ከ40 በላይ ያሳያል። ጓሮ ካለው ሰርቪስ ስገባ ግን 3 ወይም 4 ይሆናል። ልጄ የሚያጠናው እዚያ ስለሆነ የኦንላይን ትምህርቱ እየተቆራረጠበት ተቸግሯል። አሁን አሁን ሳሎኑም አልፎ አልፎ ይንቀራፈፋል። ወደ 100 ሜጋ እናሳድገው ይሆን?» ይላሉ ጠያቂዬ። ዋናው ቤት የብሎኬት ነው፤ ሰርቪሱ የጭቃ ሆኖ በሩ ላሜራ ነው። የዋይፋይ ሳጥኑ ያለው ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መሆኑንም ነግረውኛል።

እህቴ፣ አያሳድጉት። ለ100 ሜጋ ቢከፍሉም ሰርቪሱ ውስጥ የሚያገኙት ያው 3 እና 4 ነው። ፋይበሩ ከመንገድ እስከ ሳጥኑ ድረስ የሚያመጣው ብርሃን ነው፤ እሱ እንደሚገባው ደርሷል። ከሳጥኑ ወዲህ ያለው ግን የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሞገዱን የሚያስቀሩት የገዛ ግድግዳዎ፣ ቡፌዎና ላሜራው ናቸው። ገንዘብዎን እነሱ ላይ ያውሉት።

በመጀመሪያ መስመሩ ጤነኛ መሆኑን እናረጋግጥ። ላፕቶፕ ይዋሱና በኔትወርክ ኬብል በቀጥታ ከሳጥኑ ጋር ያገናኙት። የሁሉንም ሰው ስልክ ከዋይፋይ ያስወጡና ይለኩ። ወደ 50 የሚጠጋ ከመጣ መስመሩ ምንም አልሆነም። በኬብልም ዝቅ ካለ፣ ወይም ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት ከበራ፣ ወደ 994 ደውለው ያስመዝግቡ፤ ያን ችግር በቤት ውስጥ ማስተካከል አይቻልም። ቀጭኑን የፋይበር ገመድም አይጎትቱት፣ አጥብቀው አይጠፉት። ውስጡ መስታወት ነውና ሲታጠፍ ብርሃኑ ያመልጣል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፦ 50 ሜጋ የሚባለው በቢት ነው፤ ፋይል ሲያወርዱ የሚያዩት ግን በባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ 50 በ8 ሲካፈል በሰከንድ 6 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተታለልኩ ብሎ በከንቱ ይናደዳል።

አሁን ወደ ቡፌው እንምጣ። የቡፌዎን ጀርባ ይዩልኝ፤ አብዛኛው መስታወት አለው። መስታወት ደግሞ ከኋላው በብረት ቅብ ስለተለበጠ ሞገዱን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ቴሌቪዥኑም ከውስጡ ሰፊ ብረት ነው። ሳጥኑን በእነዚህ መሀል ማስቀመጥ ማለት ገና ከቤት ሳይወጣ ጉልበቱን መጨረስ ነው። አውጥተው ወደ ጓሮ በሚያየው መስኮት በኩል፣ ከሰው ቁመት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት፤ አንቴና ካለው ቀጥ አድርገው ያቁሙት። የፋይበሩ ገመድ አልደርስ ካለ ግን ራስዎ አያስረዝሙት፤ ቴክኒሻን ጠርተው ያስቀይሩት።

ሳጥኑ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይለቃል። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ አይወድም፤ ብሎኬት አንዴ ሲያልፍ ይደክማል። 2.4 ጊጋኸርዙ ቀርፋፋ ቢሆንም ራቅ ብሎ ይዘልቃል። ሁለቱ በአንድ ስም ከሆኑ ስልኩ ብዙ ጊዜ በማይሆነው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የሳጥኑ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገብተው ስማቸውን ይለዩትና ሳሎን ያለ ሁሉ በ5ቱ ይጠቀም። 2.4ቱን ደግሞ በ20 ሜጋኸርዝ ስፋት፣ ከ1፣ 6 ወይም 11 ቻናል (ሞገዱ የሚከፋፈልበት መስመር) ጎረቤት ያልያዘው ላይ ያድርጉት። እናንተ ጊቢ ውስጥ ይህ ብዙ ላያሳስብ ይችላል፤ ባህር ዳር ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ሳሎኑ አልፎ አልፎ የሚንቀራፈፍበትም ምክንያት አለው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ስልኮች የሚናገሩት በየተራ ነው። ሰርቪስ ያለው ልጅ ሲግናሉ ስለደከመ ያችኑ ትንሽ ነገር ለማድረስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ እየደጋገመም ይልካል። ወፍጮ ቤት እርጥብ እህል ይዞ የመጣ ሰው ከኋላው ያለውን ሰልፍ ሁሉ እንደሚያስጠብቅ ማለት ነው። እናም የሰርቪሱ ችግር ሲፈታ የሳሎኑም አብሮ ይፈታል።

ገበያ ሄደው «ማጠናከሪያ» ወይም ሪፒተር ቢሉ ብዙ ዓይነት ያሳዩዎታል። እኔ አልመክርዎትም። ርካሹ ሪፒተር በዚያው ሞገድ ይቀበላል፣ በዚያው መልሶ ይልካል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሰዎች ደግሞ የሚሰኩት ሲግናሉ ከሞተበት ክፍል ውስጥ ነው። የሞተውን ተቀብሎ ምን ያጠናክራል?

መድኃኒቱ ኬብል ነው። ከሳሎን እስከ ሰርቪስ ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ኬብል ይዘርጉና ጫፉ ላይ ሁለተኛ ራውተር፣ ማለትም ሌላ የዋይፋይ ሳጥን፣ ያስቀምጡ። የላሜራው በር ሞገድ አያሳልፍም፣ የጭቃው ግድግዳም በክረምት ሲርስ ይብሳል፤ ኬብል ግን ለሁለቱም አይበገርም። እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነት ሳይቀንስ ይወስዳል፤ የአንድ ጊቢ ርቀት ከዚህ በእጅጉ ያንሳል።

ሲገዙ ግን ይጠንቀቁልኝ፤ ደንበኞቼ በብዛት የሚከስሩት እዚህ ላይ ነው። ካት 6 ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ መዳብ አይደለም። ከስምንቱ ሽቦዎች አንዷን ልጠው በቢላ ጫፍ ቧጨር ያድርጓት። እስከ ውስጥ ድረስ ቀይ ከሆነች መዳብ ናት። ከቀዩ ሥር ነጭ ብልጭ ካለ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ወዲያና ወዲህ ሁለት ሦስቴ ሲያጥፉት ቀንጠስ ይላል፤ ጥቅልሉም ሲያነሱት ይቀልላል። እሱን ቀብረው ዓመት ሳይሞላ ከማውጣት ዛሬውኑ ጨምሮ መዳቡን መግዛት ይሻላል። ስምንቱም ሽቦ መታሰሩንም ይዩ። አንዳንዱ ሠራተኛ አራቱን ብቻ አስሮ ይሄዳል፤ ያ መስመር ከ100 ሜጋ አያልፍም። አስተሳሰሩ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ።

ኬብሉን ከቤት ወደ ቤት በአየር ላይ አይወጥሩት። የጎጃምን ክረምት ያውቁታል፤ መብረቁ በአቅራቢያ ሲወርድ በተወጠረ ሽቦ ላይ ኃይል ይፈጥርና በሁለቱም ጫፍ ያለውን ዕቃ ያቃጥላል። በፕላስቲክ ቱቦ አድርገው ይቅበሩት፤ ቱቦው ለመብራት ገመድ ከተቆፈረው ቦይ ይለይ። መቅበሩ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ነጎድጓድ ከመቅረቡ በፊት ሁለቱንም ጫፍ ይንቀሉ።

ለሰርቪሱ የሚሆነው ራውተር አዲስ መሆን የለበትም፤ የድሮ ካለዎት ይበቃል፣ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ግን እሰየው። ኬብሉን ከመሰካትዎ በፊት ሁለት ነገር ያስተካክሉ። የሳሎኑ ሳጥን አድራሻ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ 192.168.1.1 ከሆነ የሁለተኛውን 192.168.1.2 ያድርጉት፣ አለዚያ ይጋጫሉ። በሁለተኛው ላይ ዲኤችሲፒ (DHCP) የሚለውን ያጥፉ፤ አድራሻ የሚያድለው አንዱ ብቻ መሆን አለበት። ኬብሉን ደግሞ ዋን (WAN) ከሚለው ቀዳዳ ሳይሆን ላን (LAN) ከሚለው ይሰኩት። የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል በየሞገዱ እንደ ሳሎኑ ካደረጉት ልጅዎ ከክፍል ክፍል ሲሄድ ስልኩ ራሱ ይሸጋገራል። የ2.4ቱ ቻናል ግን ይለያይ፤ ሳሎኑ 1 ከሆነ ሰርቪሱ 6 ወይም 11 ይሁን።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ 50 ሜጋ ለቤተሰብዎ በቂ ነው። ጥራት ያለው ቪዲዮ ለአንድ ሰው 5 ሜጋ ገደማ ይበቃዋል፤ የልጅዎ ትምህርት ከዚያም ያነሰ ነው የሚፈልገው።

አፈሩን ከመመለስዎ በፊት ሁለቱን ጫፍ ሰክተው፣ የሰርቪሱን በር ዘግተው ይለኩ። ቱቦው ውስጥም ሲባጎ አብረው ያስገቡ፤ ነገ ሌላ ገመድ ማሳለፍ ቢያስፈልግ እንደገና አይቆፍሩም።