ላይከንና የከተማ አየር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዛፍ ቅርፊትና በድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚታየው ላይከን በአየር ውስጥ ያሉ ከባድ ብረታትን ለመከታተል ስለሚሰጠው አገልግሎት ከደረሱን ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ከዚህ በታች እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ የዛፍ ቅጠልም አቧራ ይይዛል፤ ታዲያ ላይከን የሚመረጠው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ላይከን ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት አካል እንጂ ተክል አይደለም። ሥር ስለሌለው ምግቡን ከአፈር አይስብም፤ ቅጠልን የሚሸፍነው ሰም መሰል ልባስም ስለሌለው ውሃና ማዕድን ከዝናብ፣ ከጉምና ከብናኝ በመላ አካሉ ይቀበላል። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ዚንክና መዳብም በዚያው መንገድ ገብተው ከፊሎቹ በፈንገሱ ክሮች መካከል ይያዛሉ፣ ከፊሎቹም ከሕዋሳቱ ግድግዳ ጋር ይጣበቃሉ። አዝጋሚ ዕድገቱና ረጅም ዕድሜውም የብዙ ወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ክምችት እንዲይዝ ያስችለዋል።

ጥያቄ፦ በግቢያችን ግንብ ላይ ላይከን በብዛት አለ። አየራችን ንጹሕ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ብሎ መደምደም አይቻልም። የፊንላንዱ የላይከን ተመራማሪ ዊልያም ኒላንደር እ.ኤ.አ. በ1866 በፓሪስ የሉክሰምበርግ የአትክልት ስፍራ ያሉ ላይከኖችን መዝግቦ የላይከን መኖርና መጥፋት የአየሩን ሁኔታ እንደሚያመለክት ከጻፈ ወዲህ ይህ አስተሳሰብ ሥር ሰድዷል፤ በተለይ ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠሉ ለሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለተባለው ጋዝ እውነትነት አለው። በብረታት ረገድ ግን ነገሩ ይለያል፤ አንዳንድ ዝርያዎች ብዙ ብረት ተሸክመውም በሕይወት ይቆያሉ። ስለዚህ ላይከኑ መኖሩን ማየት ብቻውን አይበቃም፣ በቤተ ሙከራ መመርመር አለበት።

ጥያቄ፦ በላይከኑ ውስጥ የተገኘው የብረት መጠን እኛ የምንተነፍሰው ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የቤተ ሙከራው ውጤት በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ላይከን ውስጥ የተጠራቀመውን ብረት ሲገልጽ፣ የጤና ደንቦች ግን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለውን መጠን ይገድባሉ። በዚያ ላይ ከተራ አፈር የመጣው ብረት አብሮ ስለሚቆጠር፣ ተመራማሪዎች ውጤቱን በአፈር ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ከአሉሚኒየም ወይም ከቲታኒየም መጠን ጋር ያነጻጽራሉ። የዘዴው ትልቁ ጥቅም በአነስተኛ ወጪ ከብዙ ቦታ ናሙና ማስገኘቱ ነው። በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 ከዛፎች ላይ በተሰበሰቡ 346 የሞስ ናሙናዎች (ሞስ በእርጥብ ግንድና ድንጋይ ላይ የሚበቅል ትንሽ አረንጓዴ ተክል ነው፤ እርሱም ሥር የለሽ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ይውላል) ባለቀለም መስታወት በሚመረትባቸው ስፍራዎች አቅራቢያ ከፍተኛ ካድሚየም ታየ፤ ኋላም በስፍራው የተተከለ የአየር መለኪያ ግኝቱን አረጋገጠ። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ሕያዋኑ ቦታውን ይጠቁማሉ፣ መሣሪያው መጠኑን ይናገራል።

ጥያቄ፦ መሃል ከተማ ላይ ላይከን ከሌለስ?

መልስ፦ ከንጹሕ ጫካ ተወስዶ በመረብ ከረጢት ይሰቀላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ካልተሰቀለው ናሙና ጋር ሲነጻጸር በዚያ ጊዜ የገባው ብረት ይታወቃል። መነሻውና መድረሻው ቀን ስለሚታወቅ፣ ላይከን በሞላበት ቦታም ቢሆን ይህን ዘዴ የሚመርጡ አሉ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፤ ከተማሪዎቼ ጋር ናሙና መሰብሰብ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። አንድ ዝርያ ብቻ ይምረጡ፣ የአፈር ፍንጣቂ ከማይደርስበት የግንድ ከፍታ ላይ ይውሰዱ፣ ጓንት ያድርጉ፣ ዝገት ያለበት ቢላዋ አይጠቀሙ። ቶሎ ስለማይተካም ከእያንዳንዱ ዛፍ ጥቂት ብቻ ያንሱ።