ጀነሬተር በትራክተር ሃይድሮሊክ ማዞር ያዋጣል?

ከመቂ የጻፉልን አንባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። 25 ፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ ትራክተር አለቻቸው። ከፊት ሎደር፣ ከኋላ ደግሞ ለተጨማሪ ዕቃ የሚሆን የሃይድሮሊክ መውጫ አላት። ፓምፗ በሙሉ ዙር 28 ሊትር በደቂቃ፣ 140 ባር ትሰጣለች ይላል መመሪያው። ቤታቸው ውስጥ ሞተሩ የተቃጠለ የቤንዚን ጀነሬተር ተቀምጧል። ዲናሞው ደህና ነው፣ 5 ኪሎዋት ይላል። መብራት ሲጠፋ 1.5 ኪሎዋት የውኃ ፓምፕና የመጋዘኑን አምፖሎች በዚህ ዲናሞ ማሠራት ይፈልጋሉ። ፒቲኦውን (ከትራክተሯ ኋላ ዕቃ የሚያዞረውን ዘንግ) የመድኃኒት መርጫው ስለያዘው በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት ላዙረው ብለው አስበዋል። አንድ ወዳጃቸው «25 ፈረስ ጉልበት 10 ኪሎዋት አያቅተውም» ብሏቸዋል። ጥያቄያቸው ምን ዓይነት የሃይድሮሊክ ሞተር ልግዛ የሚል ነው።

ወዳጅዎ ስለ ፒቲኦ ቢያወሩ ኖሮ ብዙም አልተሳሳቱም ነበር። በፒቲኦ ለሚዞር ጀነሬተር ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሁለት ፈረስ ጉልበት ይያዛል። ከ25ቱ ፒቲኦው ጋ የሚደርሰው 19 ወይም 20 ቢሆን ነው። መቂ 1600 ሜትር ከፍታ አካባቢ ስለሆነች ደግሞ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ከአቅሙ ቢያንስ አንድ አስረኛውን ያጣል። ያም ሆኖ 8 ኪሎዋት ይገኛል።

በሃይድሮሊክ ግን የትራክተሯ ሞተር ጉልበት አይደለም የሚወስነው። ጉልበቱ ሁሉ የሚያልፈው በዚያች ትንሽ ፓምፕ በኩል ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሊትር በደቂቃ ሲባዛ በባር፣ ሲካፈል ለ600፣ ኪሎዋት ይሰጣል። 28 በ140 ለ600፣ 6.5 ኪሎዋት። ነገር ግን 140 ባር ሪሊፍ ቫልቩ (ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው) የሚከፈትበት ግፊት ነው። እዚያ ላይ ቆሞ የሚሠራ ሃይድሮሊክ ዘይቱን ከማፍላት ሌላ ሥራ የለውም። 110 ባር ይያዙ። የትራክተሯንም ሞተር ዙር ትንሽ ቀንሰው 25 ሊትር ይያዙ። 4.6 ኪሎዋት ይሆናል። ከዚህ የሃይድሮሊክ ሞተሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይበላል፣ ዲናሞውም ከተረፈው ሌላ አንድ አምስተኛ። እጅዎ ላይ የሚቀረው 3 ኪሎዋት ቢጠጋ ነው። ቱቦና ቫልቭ የሚወስዱትን ሲጨምሩ 2.5 ብለው ቢያስቡ አይከፋዎትም።

ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መርጫው ቀኑን ሙሉ ይሠራል? ጠዋት ረጭተው ከጨረሱ ፒቲኦው ነፃ ነው። መርጫውን ፈትቶ የፒቲኦ ጀነሬተር መግጠም የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፣ ጉልበቱም ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ነው። እኔ ብሆን እሱን እመርጣለሁ። ሃይድሮሊኩ የሚያዋጣው መርጫውን በፍጹም መፍታት የማይፈልጉ ከሆነ፣ ወይም ትራክተሯ በማትጠጋበት የጉድጓድ አፍ ላይ ዲናሞውን ለብቻው ማስቀመጥ ካለብዎት ነው። ያ ከሆነ እንቀጥል።

መመሪያው 28 ሊትር ቢልም ፓምፗ ካረጀች አትሰጥም። ያለ መለኪያ ዕቃ የሚታወቅበት መንገድ አለ። የሎደሩ ሲሊንደር ውስጡ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ምቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ሁለቱ ሲሊንደሮች ተዘርግተው ሲያበቁ 1.57 ሊትር ይይዛሉ። ዘይቱ ከሞቀ በኋላ ባልዲውን ባዶ አድርገው፣ ማንሻውን እስከ መጨረሻው ከፍተው በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። 3.8 ሰከንድ ከፈጀ 25 ሊትር አለዎት። 5 ሰከንድ ከፈጀ ያለዎት 19 ሊትር ብቻ ነው፣ የቀረውም ሒሳብ ሁሉ አብሮ ይወርዳል። የራስዎን ሲሊንደር ልክ ያስገቡ እንጂ የእኔን ቁጥር አይውሰዱ።

አሁን ወደ ሃይድሮሊክ ሞተሩ። ኦርቢት የሚባለውን አይግዙ። ገበያ ላይ በብዛት ያለው እሱ ነው፣ ሻጩም «ጉልበተኛ ነው» ይልዎታል። እውነቱን ነው፣ ግን ጉልበቱ በዝግታ ነው። ለዲናሞ የሚፈለገው የጥርስ ሞተር ነው። ልኩ ከዲናሞው ዙር ጋር ይሄዳል። የቤንዚን ጀነሬተር ዲናሞ 50 ኸርዝ የሚሰጠው በደቂቃ በ3000 ዙር ነው፤ ለ25 ሊትር 8 ሲሲ ሞተር (በአንድ ዙር 8 ሲሲ ዘይት የሚወስድ) ይገጥመዋል። ባዶውን ሲዞር 51 ኸርዝ አካባቢ ይሆናል፣ ጭነት ሲይዝ በሞተሩ ውስጥ የሚያመልጠው ዘይት ስለሚጨምር ወደ 48 ይወርዳል። ለፓምፕና ለአምፖል ይህ ችግር የለውም።

ነገር ግን ያንን ዲናሞ መጀመሪያ ገልብጠው ይዩት። አብዛኞቹ የቤንዚን ጀነሬተሮች ዲናሞ ያለው ኩሽኔታ አንድ ብቻ ነው። በሌላው ጫፍ ሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) የሚያርፈው በራሱ በቤንዚን ሞተሩ ሻፍት ላይ ነው። የቤንዚን ሞተሩ ተፈትቶ ሲወጣ ያ ጫፍ ምንም የሚይዘው የለም። ፑሌጃ አጥብቀው ቺንጋ ቢያስሩበት ሮተሩ ወዲያው ከስታተሩ (ከማይዞረው ክፍል) ጋር ይፋጫል። ቶርኖ ቤት ወስደው የኩሽኔታ ቤትና አዲስ ሻፍት ማሠራት ይቻላል። ግን መሐሉ በትክክል ካልተጠበቀ ገንዘብ መጣል ነው። እኔ የምመክርዎ ሸጠውት ሁለት ኩሽኔታ ያለውን፣ በ1500 ዙር የሚሠራውን ኤስቲ የሚባለውን የቻይና ዲናሞ እንዲገዙ ነው። ለሱ 16 ሲሲ ሞተር ይሆናል። ድምፁም ያንሳል፣ ሞተሩም በግማሽ ዙር ስለሚሠራ ዕድሜው ይረዝማል። ሁለቱን ሻፍቶች ፊት ለፊት አድርገው መሐላቸው ላስቲክ ባለው መጋጠሚያ ያገናኟቸው። በቺንጋ አያድርጉት፤ የጥርስ ሞተር ሻፍቱ ወደ ጎን ሲሳብ አይወድም።

ዙሩን የሚጠብቅልዎት የፍሰት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው። ተራ ቧንቧ መዝጊያ የመሰለው አይሆንም፣ ጭነት በተለወጠ ቁጥር ፍሰቱም ይለወጣል። ሲገዙ ግፊት ቢለዋወጥም ሊትሩን የማይለውጥ፣ ትርፉን ወደ ዘይቱ ሰልባትዮ የሚመልስ ሦስት ቀዳዳ ያለው ይበሉ። የግፊቱ ቱቦ ግማሽ ኢንች፣ የመመለሻው ሦስት አራተኛ ኢንች ይሁን። መመለሻው በማንሻው ቫልቭ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሰልባትዮ ይግባ። ሞተሩ ሦስተኛ ትንሽ ቀዳዳ ካለው እሷም ለብቻዋ ወደ ሰልባትዮ ትሂድ። ከመመለሻው ጋር ካዋሐዷት የሻፍቱ ዘይት መከላከያ ጎማ (ኦይል ሲል) ተተፍቶ ዘይቱ ዲናሞው ላይ ይረጫል።

ሲያጠፉ ማንሻውን በድንገት አይመልሱ። ከባዱ ሮተር መዞሩን ይቀጥላል፣ ሃይድሮሊክ ሞተሩ ፓምፕ ይሆንና ቱቦውን ይመታዋል። መጀመሪያ ጭነቱን ይንቀሉ፣ የትራክተሯን ሞተር ወደ ዝቅተኛ ዙር ያውርዱ፣ ከዚያ ማንሻውን ፍሎት (ዘይቱ በነፃ የሚተላለፍበት ቦታ) ላይ ያድርጉ። ፍሎት ከሌለው ከመመለሻው ወደ ግፊቱ በኩል ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ ከሃይድሮሊክ ሞተሩ አጠገብ ያስገጥሙ።

ሰው የሚረሳው ሙቀቱን ነው። የጠፋው ጉልበት ሁሉ የትም አልሄደም፣ አብዛኛው ዘይቱ ውስጥ ነው። በእርስዎ ሒሳብ የፓምፗንም ብክነት ሲጨምሩ 2 ኪሎዋት ያህል ይሆናል፤ ሰልባትዮው ሥር የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሶ እንደ መተው ነው። ሎደር ሲሠራ አያስቸግርም፣ እየሠራ እያረፈ ነው። ጀነሬተር ግን ሦስት ሰዓት ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ያውም በቀትር። በብዙ ትንንሽ ትራክተሮች ደግሞ የሃይድሮሊኩና የካምቢዮው ዘይት አንድ ነው፤ ሲቃጠል አብረው ይጎዳሉ። ስለዚህ መመለሻው ላይ ባለ ቬንቶላ የዘይት ማቀዝቀዣ ይግባ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ይገኛል። ሰልባትዮው ላይ ቴርሞሜትር ያስቀምጡ። 60 ዲግሪ ደህና ነው። 80 ካለፈ ያቁሙ።

የውኃ ፓምፑ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። 1.5 ኪሎዋት ቢልም ሲነሳ ከሥራው አምስት ስድስት እጥፍ አምፔር ይጠይቃል። ለዚህ ዲናሞውን 5 ኪሎዋት ቢያደርጉት ጥሩ ነው፣ ምንም እንኳ ሃይድሮሊኩ ሙሉውን ባይሰጠው። አምፖሎቹን አጥፍተው ፓምፑን መጀመሪያ ያስነሱ፣ የውኃ መውጫውን ቫልቭ ግማሽ ዘግተው። አሁንም እምቢ ካለ ያለው ምርጫ 1.1 ኪሎዋት ፓምፕ ነው። ከቤቱ መስመር ጋር የሚያገናኙት ከሆነ ደግሞ በቼንጅ ኦቨር ማብሪያ (ቤቱን ከመብራት ኃይል ወይም ከጀነሬተሩ ከአንዱ ብቻ ጋር በሚያገናኝ) ብቻ ይሁን። ያለሱ ጅረቱ ወደ ምሰሶው ተመልሶ መስመር የሚጠግነውን ሰው ይገድላል።

ዘይት ሲያፈስ ካዩ በእጅዎ አይዳስሱ። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ 110 ባር ዘይት ቆዳ ዘልቆ ይገባል። ካርቶን ያስጠጉበት፣ የሚረጥበው ቦታ ያሳይዎታል። ቆዳ ውስጥ ከገባ ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው አይቆዩ፣ ያኑ ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂዱና ሃይድሮሊክ ዘይት መሆኑን ይንገሯቸው።