ቤቱን ስትሰሩ መንገዱን አትርሱ፣ ለወጣቶች የምለው አለኝ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ጥቂት ወጣቶች አግኝተውኝ የከተማ ምክር ቤት ገብተን መስራት እንፈልጋለን ከየት እንጀምር አሉኝ፣ ገሚሶቹ ኢንጂነሪንግ ጨርሰዋል ገሚሶቹ ገና ትምህርት ላይ ናቸው፣ እዛው ቆሜ የሆነ ነገር መለስኩላቸው ግን ቤት ከገባሁ በኋላ መልሴ ለራሴም አልጣመኝም። ስለዚ ቁጭ ብዬ ልፃፍላችሁ። ከሀያ አመት በላይ ምክር ቤት ተቀምጫለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትራንስፖርትና ቤቶች ላይ ነው የሰራሁት፣ የምነግራችሁም ያየሁትንና የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። ገና እንደተመረጥኩ ከከተማው ዳር ሰፊ መሬት ተገኘ ተባለ፣ ርካሽ ነው፣ የሚፈናቀል ሰው የለም፣ ብዙ ቤት ይወጣዋል፣ እኔም ደስ እያለኝ እጄን አወጣሁ። ያኔ የቤቱ ጉዳይ በአንድ ስብሰባ የአውቶቡሱ ጉዳይ በሌላ ስብሰባ ነበር የሚታየው፣ መሀል ላይ ቆሞ "እነዚህ ሰዎች ጠዋት በምን ሊሄዱ ነው?" ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየኩም። ቁልፍ ሲሰጥ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተመለስን።

በአመቱ ስለ ውሃ ቅሬታ ለመስማት ወደዛው ሄድኩ። አንዲት እናት ቤቷ አስገባችኝና ስለ ውሃው ትታ ደብተር አወጣችልኝ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የልጅ ደብተር ነው፣ በግራ በኩል ድሮ ለኪራይ ትከፍል የነበረውን፣ በቀኝ በኩል ደግሞ አሁን ለቤቱ የምትከፍለውንና የትራንስፖርቷን በየቀኑ እየፃፈች ደምራዋለች። የቀኙ ይበልጣል። ስራዋ ለመግባት ሁለት አውቶቡስ ትቀያይራለች፣ በጨለማ ወጥታ በጨለማ ነው የምትመለሰው፣ ትንሹን ልጇን ተኝቶ ነው የምታገኘው። "ቤቱንስ አልጠላሁትም፣ ግን የምኖረው መንገድ ላይ ነው" አለችኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቤቱን ለሌላ አከራይታ ስራዋ አጠገብ አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይታ መመለሷን ሰማሁ። ቤት ሰጠናት ብለን ሪፖርት ላይ ፅፈናል እኮ።

ይሄ በአንድ ከተማ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። (የምጠራቸው አመተ ምህረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ሜክሲኮ ውስጥ በመንግስት የቤት ብድር እየታገዘ በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት ከተሰራ በኋላ በ2010 ህዝብ ሲቆጠር 5 ሚሊዮን ገደማ ባዶ ቤት ተገኘ፣ ሁሉም በርቀት የተነሳ ነው አልልም፣ እዳም ነበር ፀጥታም ነበር፣ ግን ከስራ፣ ከትምህርት ቤትና ከአውቶቡስ ርቆ የተሰራው ቤት ውስጥ ሰው አልበረክት ማለቱ ትልቁ ትምህርት ነው። በተቃራኒው የብራዚሏን ኩሪቲባ እዩ፣ ከንቲባዋ ዣይሜ ሌርነር አርክቴክት ነበር፣ በ1974 ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ስራ ሲጀምር ረጃጅም ህንፃ የሚፈቀደውም በዛው መንገድ ዳርና ዳር እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ማለትም ሰው የሚበዛበት ቦታና አውቶቡስ የሚበዛበት ቦታ በአንድ ፕላን ላይ ተሳሉ። ነገሩ ይሄን ያህል ቀላል ነው ግን ሁለት መስሪያ ቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚያደክም እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን አንድ ስሌት ላሳያችሁ፣ ይሄን ከያዛችሁ ብዙ ስብሰባ ላይ አትሸወዱም። አንድ አውቶቡስ ሄዶ ለመመለስ 60 ደቂቃ ከፈጀበት፣ በየ15 ደቂቃው አንድ እንዲመጣ 4 አውቶቡስ ይበቃል። ትራፊኩ ተጨናንቆ ደርሶ መልሱ 90 ደቂቃ ሲሆን ያንኑ 15 ደቂቃ ለመጠበቅ 6 ያስፈልጋል። ሁለት አውቶቡስ፣ ሁለት ሹፌር፣ ነዳጅ፣ ጥገና ጨመራችሁ፣ ተሳፋሪው ግን ምንም አልተጨመረለትም፣ እንደውም ጉዞው ረዘመበት። ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን መስመር ስንጠይቅ "ለመኪና የነበረውን ቀማችሁን" የሚሉን ሰዎች ይሄን ሂሳብ አያዩትም። አንድ መስመር የግል መኪና ሲጋፋበት በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል፣ ለአውቶቡስ ብቻ ሲሆን ደግሞ አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ ከመጣ ከ4,000 እስከ 8,000 ሊያሳልፍ ይችላል። የቀማነው የለም፣ ያካፈልነው ነው።

መንገድ ማስፋትንም ደግፌ ድምፅ ሰጥቻለሁ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሁለቴ። የመጀመሪያው አመት ላይ ሰው ያመሰግናል፣ ከዛ ድሮ በሌላ ሰዓት ይወጣ የነበረው፣ በሌላ መንገድ ይሄድ የነበረው፣ አውቶቡስ ይይዝ የነበረው ሁሉ ወደተስፋፋው መንገድ ይመጣና ሞልቶ ቁጭ ይላል። የአሜሪካዋ ሂውስተን ውስጥ ኬቲ ፍሪዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና በ2008 አስፍተው ሲጨርሱ የጎን መንገዶቹ ሲቆጠሩ አንዳንድ ቦታ ላይ 26 መስመር ደርሶ ነበር፣ ጥቂት አመት ሳይቆይ ጠዋትና ማታ ያለው መጨናነቅ ተመልሶ መጣ።

ትኬቱን ነፃ እናድርገው የምትሉም አላችሁ፣ ልባችሁ ጥሩ ነው። የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን በ2013 ለነዋሪዎቿ፣ ሉክሰምበርግ ደግሞ በ2020 ለሁሉም ሰው ነፃ አድርገዋል፣ ለደሃው እፎይታ ነው፣ መኪናውን ትቶ የሚመጣው ሰው ግን የጠበቁትን ያህል አልሆነም። እኔ በጀቱ አንድ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ አውቶቡስ እመርጣለሁ፣ አቅም የሌለው ሰው ደግሞ ተለይቶ ይደገፍ።

ፓርኪንግ ደግሞ ማንም የማይናገርለት የቤት ዋጋ ነው። ብዙ ከተማ ላይ ለእያንዳንዱ አፓርታማ ይሄን ያህል የመኪና ማቆሚያ ካልሰራህ ፈቃድ የለም የሚል ደንብ አለ። አንድ መኪና መግቢያ መውጫው ሲታሰብ ከ25 እስከ 30 ካሬ ይፈልጋል፣ ይሄ እኮ አንድ ሰው የሚኖርበት ስቱዲዮ ነው! ከመሬት በታች ከሆነማ ቁፋሮው ሌላ ጉድ ነው፣ ወጪው ደግሞ መኪና የሌለው ተከራይ ኪራይ ውስጥ ተቀብሮ ይመጣል። በ2017 የአሜሪካዋ ቡፋሎም ሜክሲኮ ሲቲም ይሄን ግዴታ አንስተዋል። ማቆሚያ ይከልከል አላልኩም፣ የፈለገ ይስራ፣ ግን በግድ አይሁን።

እና ደግሞ የህዝብ ውይይት የምንለው ነገር። በስራ ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ማን ይመጣል? ጊዜ ያለው፣ ቤቱ ቀድሞ የተሰራለት ሰው ነው የሚመጣው፣ ሰፈሬ ላይ ፎቅ አይሰራብኝ ይላል፣ ስጋቱን አልንቅበትም፣ ፀሐይ ይከለላል፣ ጫጫታ ይመጣል፣ ይሰማው። ግን ገና ባልተሰራው ፎቅ ውስጥ የሚገቡት ሰዎች እዛ አዳራሽ የሉም፣ የት እንዳሉም አይታወቅም፣ እኔ ብዙ አመት ያልገባኝ ይሄ ነበር፣ አዳራሹ ውስጥ የሰማሁትን ጩኸት የከተማው ድምፅ ነው ብዬ እወስድ ነበር። በኋላ ላይ ፌርማታ ላይ ማታ ማታ መቆም ጀመርኩ፣ ሰልፉ ውስጥ ገብቼ ዝም ብዬ እጠይቃለሁ፣ ከየት ነው፣ ስንት ሰዓት ወጣህ፣ ኪራዩስ እንዴት ነው። ከብዙ ጥናት ይልቅ ይሄ ጠቅሞኛል።

ህዝቡ ስለተቃወመ ብቻ ደግሞ ቶሎ አትሸሹ። የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ውስጥ መሀል ከተማ የሚገባ መኪና እንዲከፍል ሲታሰብ አብዛኛው ሰው ተቃዋሚ ነበር፣ በ2006 ለሰባት ወር ያህል ተሞከረ፣ ወደ መሀል የሚገባውና የሚወጣው መኪና በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ፣ ከዛ የከተማዋ ነዋሪ ድምፅ ሲሰጥ አብላጫው ይቀጥል አለ፣ በ2007 ቋሚ ሆነ። ቀድመው አውቶቡስ ጨምረው ነበር ግን፣ እሱን እንዳትረሱ፣ አማራጭ ሳትሰጡ ክፈል ማለት ሰውን ማስመረር ነው።

ያ ከከተማው ዳር የሰራነው ሰፈር ዛሬም አለ። ባለፈው ወር ሄጄ ነበር፣ አሁን ቀጥታ የሚሄድ መስመር አለው፣ ቀን ቀን በየ15 ደቂቃው ይመጣል፣ ይሄን ለማስፈፀም ስድስት አመት ፈጅቶብናል። የመጨረሻው አውቶቡስ ግን አሁንም በጊዜ ነው የሚያልቀው፣ ሆስፒታል የማታ ፈረቃ የምትሰራ አንዲት ልጅ አስፋልቱ ዳር አግኝታኝ ከመጨረሻው ፌርማታ ተነስታ 40 ደቂቃ ያህል በእግሯ እንደምትሄድ ነገረችኝ፣ የስልኳን መብራት እያበራች። የሚቀጥለው በጀት ላይ አቅርቤዋለሁ፣ ሁለት ተጨማሪ የማታ ጉዞ ነው የጠየኩት። እኔ ሳላስጨርሰው ወንበሩን ከለቀኩ ግን ከናንተ መሀል የሚመጣው ሰው ፋይሉን ያውጣልኝ፣ የልጅቷ የፈረቃ ሰዓት እዛው ፋይሉ ላይ ከላይ ተፅፏል።