ለጀማሪ ስትጽፉ «ስለምን ቢሉ»ን አትርሱ

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ለክበባችሁ አዲስ አባላት ያዘጋጃችሁትን የኤሌክትሮኒክስ መመሪያ ስትሰጡኝ ደስ ብሎኝ ከፒያሳ ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩ፤ ማታም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተሳሳተ ቁጥር አላገኘሁበትም፤ ሥዕሎቹም ንጹሕ ናቸው። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ጽሑፉ የሚገባው አስቀድሞ ለገባው ሰው ነው።

ይህን ጥፋት አውቀዋለሁ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን፣ በጎን ደግሞ ልጆች ሳስተምር እኔም አጥፍቼዋለሁ። ከአዘዞ የሚመጣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በሰጠሁት ወረቀት ላይ «ኤልኢዲውን ከተስማሚ ሬዚስተር ጋር በባለ 9 ቮልት ባትሪ ላይ ግጠም» ብዬ ጽፌ ነበር። ኤልኢዲ ትንሽ መብራት ናት፤ ሬዚስተር ደግሞ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚገታ ዕቃ ነው፤ ልኩ የሚነገረው በኦም ነው፤ የሚታወቀውም በላዩ በተሳሉት የቀለም መስመሮች ነው። «ተስማሚ» የምትለው ቃል እኔን አታስቸግረኝም፤ ዓይኔ ሳላስበው ቀለሙን ይለያል። እሱ ግን ከክምሩ እጁ የገባለትን እያነሳ ሞከረ፤ ሦስት ኤልኢዲ ተቃጠለበት። ለመጠየቅ አፈረ። «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ማለቱን ከጓደኛው የሰማሁት ከቀረ ወር ካለፈው በኋላ ነው።

በዚያች በአንዲት ቃል ፈንታ እንዲህ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፦ ባትሪው 9 ቮልት ይሰጣል። ቀይ ኤልኢዲ ከዚያ ላይ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል። የቀረውን 7 ቮልት ሬዚስተሩ ይሸከማል። ሬዚስተሩ 470 ኦም ከሆነ 7ን ለ470 ስናካፍል በመስመሩ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ከረንቱ፣ 15 ሚሊአምፔር ያህል ይሆናል፤ ተራ ኤልኢዲ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 20 ስለሚችል አይቃጠልም። 470 ኦም የሆነውን ለማግኘት ወርቃማው መስመር በቀኝ በኩል እንዲሆን ይዛችሁ ከግራ አንብቡ፤ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ። የኤልኢዲው ረጅም እግር ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ይዙር። ይኸው ነው። ጥቂት መስመር ቢጨመር ልጁ አይቀርም ነበር።

እዚህም ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቀው፣ እናንተ ግን ያልጻፋችሁት አንድ ነገር አለ፤ ሬዚስተሩ ከኤልኢዲው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ልጁ ኤሌክትሪኩ እንደ መንገደኛ መጀመሪያ ያገኘውን ይመታል ብሎ ያስባል። አስተሳሰቡ የሰነፍ አይደለም፤ ውኃ በቦይ ሲሄድ ያየ ሰው ሁሉ እንዲህ ያስባል። መልሱ በየትኛውም ወገን ይሁን ነው፤ በአንድ መስመር ተከታትለው በተገናኙ ዕቃዎች ሁሉ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት እኩል ነውና። ይህን ሳትነግሩት ብታልፉ መብራቱ ይበራለታል፤ ጥያቄው ግን አብሮት ቤቱ ይገባል።

ጎንደር ያደገ ሰው ይህን ዘዴ ከሩቅ አይፈልገውም። አያቴ የትርጓሜ ቤት ተማሪ ነበሩ። መምህሩ የግእዙን ንባብ ያሰማሉ፣ በአማርኛ ይፈቱታል፤ ግን እዚያ አያቆሙም። «ስለምን ቢሉ» ብለው ተማሪው ገና አፉን ሳይከፍት ጥያቄውን ራሳቸው ያነሳሉ፣ ራሳቸው ይመልሳሉ። አንዱ ፍቺ ካልበቃም «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ። እኛ ለሽቦና ለባትሪ ስንጽፍ ይህን የአባቶቻችንን ትዕግሥት የማንጠቀምበት ምክንያት አይታየኝም። በየመስመሩ «ስለምን ቢሉ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄ ካለበት መልሱን እዚያው ጻፉ።

ማስጠንቀቂያችሁን በተመለከተ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በ4ኛው መስመር የአሮጌውን ቴሌቪዥን ክዳን ክፈቱ ትላላችሁ፤ በ6ኛው ትልቁን ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ዕቃ፣ እንዳትነኩ ትላላችሁ። ጀማሪ አንድ መስመር አንብቦ አንድ ሥራ ይሠራል። 6ኛው ላይ ሲደርስ ጣቱ ውስጥ ገብቷል። የግድግዳው 220 ቮልት ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲቀየር እስከ 310 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ካፓሲተሩ ደግሞ መሰኪያው ከተነቀለ በኋላም ይህን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ማስጠንቀቂያው ከክዳኑ በፊት ይምጣ። እንዲያውም ቴሌቪዥኑን ከጀማሪ መመሪያ ጨርሶ ብታወጡት እወዳለሁ፤ በባትሪ የሚማሩት ብዙ ነገር አለ።

ከኮምፒውተር ፕሮግራም ስለሚጫንባት ትንሽ ቦርድ፣ ስለ አርዱዊኖ፣ የጻፋችሁት ከሁሉ የተሻለ ነው። ቢሆንም «ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙ» ካላችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ ቦርዱን ባያየውስ? ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ገመድ ውስጡ የዳታ ሽቦ የለውም፤ ቦርዱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም። ስለዚህ መጀመሪያ ገመድ ቀይሩ በሉ፤ ቀጥሎ ርካሹ ቦርድ ብዙ ጊዜ የሚፈልገውን የሲኤች340 ድራይቨር፣ ኮምፒውተሩ ቦርዱን እንዲያውቅ የሚያደርገውን ፕሮግራም፣ ጫኑ በሉ። ሌላም አለ። «ትንሿ መብራት ብልጭ ካለች ሠርቷል» ብላችኋል። ብዙ አዲስ ቦርድ ግን ብልጭ የሚያደርገው ፕሮግራም አስቀድሞ ተጭኖበት ይመጣል፤ ልጁ ምንም ሳይጭን የተሳካለት ይመስለዋል። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ መብራቷ በርታም ጠፍታም የምትቆይበትን ሚሊሰከንድ የሚወስኑትን ሁለቱንም 1000 ወደ 200 ለውጦ እንዲጭን አድርጉት። መብራቷ ስትፈጥን የእሱ ሥራ መሆኑን በዓይኑ ያያል።

የዕቃ ስም ሱቅ ላይ በሚጠራበት ይጻፍ፤ መዝገበ ቃላት ፈልጋችሁ የምታመጡት ስም ልጁን ባዶ እጁን ይመልሰዋል። ደግሞም በሙሉ «ግጠም፣ ፍታ፣ ለካ» ብላችኋል። ከክበባችሁ ውስጥ ሴቶች ልጆች አሉ። «ግጠሙ፣ ፍቱ፣ ለኩ» ሲባል ሁሉም የተጠሩ ይመስላቸዋል።

ለፊታችን ቅዳሜ አንድ ነገር እናድርግ። ሬዚስተር በእጇ ነክታ የማታውቅ እህት ወይም የጎረቤት ልጅ ይዛችሁ ኑ። መመሪያውንና ዕቃዎቹን እንስጣት፤ እኛ አጠገቧ ቁጭ ብለን አንድ ቃል ሳንተነፍስ እጇን እንይ። እጇ የቆመበትን መስመር በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ልትረዷት ምላሳችሁ እንደሚበላችሁ አውቃለሁ፤ እባካችሁ ቻሉት፤ ማታ ቤቷ ብቻዋን ስትሞክር እናንተ አትኖሩም።

እኔም የዚያን የአዘዞውን ልጅ ወረቀት ይዤ እመጣለሁ። ጥሎት የሄደውን ስሰበስብ ነው ያየሁት፤ «ተስማሚ» ከምትለው ቃል ሥር አስምሮ፣ ከጎኗ በትንንሽ ፊደል «ጋሼ፣ የትኛው ነው?» ብሎ ጽፎበታል።