ኮሚቴው 7 ሰው፣ ስራው 2 ሰው ላይ ለወደቀባት እህት

ሰላም እህቴ፣ «የሴቶች አገልግሎት ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥኩ፣ ኮሚቴው 7 ሰው ነው ግን የምንሮጠው እኔና ጸሐፊዋ ብቻ ነን፣ ጠንካራ ቲም እንዴት ይሰራል» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ነው። እዚህ አገልግሎት ውስጥ ስለከረምኩ ያየሁትን ልንገርሽ፣ ይረዝማል ታገሺኝ።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አመራረጡ ላይ ነው። ጮክ ብላ የምትጸልየዋ፣ ዝማሬ የምትመራዋ፣ የመጋቢው ባለቤት ተብሎ እጅ ይወጣል አለቀ (የመጋቢ ሚስቶችን ጠይቂያቸው እስቲ፣ ስንቶቹ እምቢ ማለት ከብዷቸው ነው የገቡት)። እኔ የምለው ስራው ይቅደም ሹመቱ ይድረስ። ጳውሎስም በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥10 ስለሚያገለግሉት ሲናገር አስቀድመው ይፈተኑ ነው ያለው። እኛ ጋ ሕፃን የያዙ እናቶች ትምህርቱ ሳያልቅ እየወጡ ይሄዱ ነበር፣ ሁላችንም እናያለን ማንም ምንም አይልም፣ አንዲት እህት ግን ሳትታዘዝ ጎን ያለውን ክፍል አስከፍታ ምንጣፍ አነጠፈችና ልጆቹን በተራ የሚይዙ ወጣቶች መደበች። ሰው ፊት ቆማ ስትጸልይ ሰምቻት አላውቅም፣ ዛሬ ግን አስተባባሪ ናት፣ በጣም ጎበዝ አስተባባሪ። እንደሷ ያለችውን ነው መፈለግ ያለብሽ።

ሁለተኛ፣ ስራ ስትሰጪ ውሳኔውንም አብረሽ ስጪ። ዘጸአት 18 ላይ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አየና አንተም ትደክማለህ ሕዝቡም ይደክማል አለው፣ የሺህ የመቶ የሃምሳ የአስር አለቆች አስሾመው፣ ታናሹን ነገር እነሱ ይጨርሱ ከባዱ ብቻ ወደ ሙሴ ይምጣ። እኛ ግን የጥየቃውን ስራ ለአንዷ እንሰጥና ማንን ልጠይቅ መቼ ልሂድ እያለች እንድትደውልልን እናደርጋለን፣ ከዛ ሰው ይሰለቻል፣ ስራውም ተመልሶ አንቺ ላይ ይመጣል።

አሁን ያሉትን 5ቱን ቶሎ አትቀይሪያቸው። በስብሰባ ሳይሆን ለየብቻ አግኝተሽ ምን ቢሰጥሽ ደስ ይልሻል በያት፣ አንዳንዷ ድርሻዋ ምን እንደሆነ ነግሯት የሚያውቅ ሰው የለም፣ አንዳንዷ ቤት ውስጥ የምታስታምመው ሰው ይኖራታል፣ አንዳንዷም መልቀቅ እየፈለገች ያፈረች ናት፣ እሷን መርቀሽ በክብር ሸኚያት። የአገልግሎት ዘመን ካልተቆረጠ 2 ዓመት ብላችሁ ቁረጡ፣ መውጫው ሲታወቅ የሚገባውም ይበዛል። ወጣቶቹንም ከትልልቆቹ ጋር አጣምሪ፣ ቲቶ 2 ላይም ትልልቆቹ ሴቶች ወጣቶቹን ይምከሩ ነው የሚለው።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ሒሳብ የምትመዘግበዋና ብሩን የምትይዘዋ አንድ ሰው አይሁኑ፣ እህትማማች ነን ምን ችግር አለው የሚል አይጠፋም አትስሚ። ሪፖርቱም በየወሩ ለሽማግሌዎች ይግባ። የድርሻ ዝርዝር ማውጣት ላይ ከከበደሽ ኢንቦክስ አድርጊኝ የኛን እልክልሻለሁ፣ ተባረኪ።